ሁለት ካርድ፣ አንድ ርስት፦ የኮምፒውተር ስክሪን ማጨቃጨቅ የጀመረው መቼ ነው?

ሞላሌ ከተማ ውስጥ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላችሁ እንበል። ያገለገለ ዴስክቶፕ ከአዲስ አበባ አስመጥታችኋል። አንድ ዘመድ ደግሞ «ይሄን ጨምሩበት፣ ፎቶና ቪዲዮ ስትሠሩ ይፈጥንላችኋል» ብሎ ከሌላ ማሽን የተነቀለ ግራፊክስ ካርድ ሰጣችሁ። ካርዱን ሰክታችሁ ማብሪያውን ተጫናችሁ። ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ድቅድቅ ጨለማ። ወይም ደግሞ እስከ ዊንዶውስ ድረስ ደህና ይመጣና፣ ድራይቨሩን ጭናችሁ እንደገና ስታስነሱት ያኔ ይጠፋል። ደጅ ላይ ማመልከቻ የሚያስጽፍ፣ ፎርም የሚያስሞላ ሰው ቆሟል። ማሽኑን ጭናችሁ በጣርማ በር በኩል ደብረ ብርሃን ትወስዱታላችሁ። እዚያ የሚሰጠው ፍርድ ብዙ ጊዜ አጭር ነው፦ «ካርዱ ተቃጥሏል» ወይም «ማዘርቦርዱ ሞቷል»።

የተቃጠለ ነገር ሊኖር ይችላል፤ ካርድም ማዘርቦርድም ይሞታል። ግን ማሽኑን ከመጣላችሁ በፊት ሌላ ሊጠረጠር የሚገባው ነገር አለ፦ ሁለት ጤነኛ ዕቃዎች አንድን ቦታ «የእኔ ነው» ብለው ይሆናል። ይሄ ጭቅጭቅ ከአርባ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። የፊደላችንም ታሪክ በመካከሉ ያልፋል።

የመንዝ ሰው ለዚህ ምሳሌ ሩቅ መሄድ የለበትም። እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ርስት የሚቆጠረው ከአቅኚ አባት ነበር፤ መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው ሰው። ሁለት ዘመዳሞች በአንድ ማሳ ሲካሰሱ አንዱ ሌባ፣ አንዱ ጻድቅ መሆን አይጠበቅባቸውም። የሁለቱም ቆጠራ እዚያው ማሳ ላይ ያደርሳቸዋል። በኮምፒውተር ውስጥም አቅኚ አባት አለ። መሬቱን የደለደለው በ1981 ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የመጀመሪያው ድልድል

አይቢኤም የመጀመሪያውን ፒሲ ሲያወጣ፣ ማሽኑ ሊደርስባቸው የሚችላቸው የሜሞሪ አድራሻዎች በጠቅላላው 1,024 ኪሎባይት ነበሩ። የታችኛው 640 ለፕሮግራሞች ተሰጠ። የላይኛው 384 ለካርዶችና ለቋሚ ሜሞሪ ተከለለ። ስክሪን የሚባለው ነገር እንግዲህ ከዚህ ከላይኛው ክፍል የተቆረሰ ማሳ ነው። ፕሮግራሙ እዚያ አድራሻ ላይ «ሀ»ን የሚወክል ቁጥር ይጽፋል፣ ካርዱ ያንን እያነበበ ወደ ሞኒተሩ ይልካል።

ያኔ ማዘርቦርዱ ላይ አብሮ የተሠራ ምስል ሰጪ አልነበረም። ካርድ ለብቻ መግዛት ግድ ነው፤ ምርጫውም ሁለት ነበር። ኤምዲኤ የሚባለው ጽሑፍ ብቻ ያሳያል፣ ግን ጥርት አድርጎ። ሲጂኤ የሚባለው ቀለምና ሥዕል ይችላል፣ ጽሑፉ ግን ዐይን ያደክማል። ኤምዲኤ ከ704ኛው ኪሎባይት ጀምሮ 4 ኪሎባይት ተሰጠው፤ ሲጂኤ ከ736ኛው ጀምሮ 16። ትእዛዝ የሚቀበሉባቸው በሮችም፣ ማለትም ፖርቶቹ፣ የየራሳቸው ናቸው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልብ በሉ። ሁለቱን ካርዶች ባንድ ማሽን ላይ መሰካት ይቻል ነበር፤ ያለ ምንም ጠብ። ሎተስ 1-2-3 የሚባለው የሒሳብ ሠንጠረዥ ቁጥሩን በአንዱ ሞኒተር፣ ግራፉን በሌላው ያሳይ ነበር። የሚወሰነው ማሽኑ ሲነሣ የትኛው ይቅደም የሚለው ብቻ ነው። ይህም ማዘርቦርዱ ላይ ባሉ ሁለት ጥቃቅን ማብሪያዎች በእጅ ይስተካከላል። ከዚያ በኋላ ዶስ ላይ አጭር ትእዛዝ ጽፎ ከአንዱ ወደ ሌላው መዞር ይቻላል። ለ1981 ዓ.ም. መጥፎ አልነበረም!

ከዚያ ድንበር ገፊው መጣ። የመጣውም ለእኛ በጣም በሚገባን ምክንያት ነው። ቫን ሱዋኑኩል የተባለ ሰው የዶክትሬት ጽሑፉን በፒሲ ላይ በአፍ መፍቻ ቋንቋው በታይ ፊደል መጻፍ ፈለገ። ኤምዲኤ ፊደሎቹ ተቀርጸው ያለቁ ናቸው፤ ሌላ ፊደል አይቀበልም። ሲጂኤ ደግሞ ነጥቦቹ በጣም ጥቂት ስለሆኑ የታይን ፊደል አጥርቶ ማሳየት አይችልም። ምን ያድርግ? የራሱን ካርድ ሠራ። በ1982 ሄርኩለስ ብሎ አወጣው። በአግድም 720፣ በቁም 348 ነጥብ ያለው፣ ጽሑፉም ሥዕሉም ጥርት ያለ ባለ አንድ ቀለም ካርድ ነው። ኩባንያውም በዚያው ስም ተጠራ፤ ካርዱም የዘመኑ መለኪያ ሆነ።

ሄርኩለስ ለዚህ ሁሉ ነጥብ 64 ኪሎባይት ያስፈልገዋል። ከ704 ተነሥቶ እስከ 768 ድረስ ይዘልቃል። በመካከሉ ግን 736ኛው ላይ የሲጂኤ ማሳ አለ። እንግዲህ ሄርኩለስና ሲጂኤ አንድ ማሽን ላይ ካሉ፣ ሄርኩለስ ሙሉውን ልያዝ ባለ ጊዜ ሁለቱ በአንድ አድራሻ ላይ ይጋጫሉ። መፍትሔው ዕርቅ ነበር። ካርዱ «ሙሉ» እና «ግማሽ» የሚባል አሠራር ተበጀለት፤ በግማሹ ከ736 በታች ይወሰናል፣ ጎረቤቱን አይነካም። የሁለት ምስል ካርዶች ግጭት፣ በሶፍትዌርም መገላገሉ፣ ከዚህ ይጀምራል ማለት ይቻላል። መነሻው ደግሞ የላቲን ፊደል የማይበቃው ሰው ነው።

ፊደላችን የት ገባ?

አሁን የእኛን ሒሳብ እናስላ። 33 ፊደል በ7 ስናባዛ 231። በዚህ ላይ ቈ፣ ኈ፣ ኰ፣ ጐ ከነዘሮቻቸው፣ አራት በአምስት፣ 20። የግዕዝ ቁጥሮች ከ፩ እስከ ፲ አሥር፣ ከ፳ እስከ ፺ ስምንት፣ ፻ እና ፼፤ እነሱም 20። ድምሩ 271 ነው። ሏን፣ ሟን፣ ቨን፣ አራት ነጥብን ገና አልቆጠርንም። የዶስ ስክሪን ግን ባንድ ጊዜ የሚያውቀው 256 ምልክት ብቻ ነው፤ የላቲን ፊደልና የአረብ ቁጥር ጭምር እዚያው ውስጥ ናቸው። ሒሳቡ ከመነሻው አይገጥምም።

በ1980ዎቹ በአሜሪካ የነበሩ ኢትዮጵያውያን፣ ለምሳሌ ዳሸን ኢንጂነሪንግን ያቋቋሙት አቶ ፍስሐ አጥላው እና ዶ/ር አበራ ሞላ፣ አማርኛን በፒሲ ለመጻፍ ሲነሡ የገጠማቸው ግድግዳ ይህ ነው። (ማን ቀደመ የሚለው እስካሁን ያከራክራል፤ እዚህ ውስጥ አልገባም።) የዘመኑ መሣሪያ ለማንኛውም እንደ ፊደላችን ላለ ጽሕፈት የሚሰጠው መንገድ ሁለት ነበር፤ ሁለቱም የሚያልፉት በግራፊክስ ካርዱ ነው። አንደኛው፣ ስክሪኑን ወደ ሥዕል አሠራር ቀይሮ እያንዳንዱን ፊደል በነጥብ መሣል ነው። ይህ ለሄርኩለስ ይመቻል፤ በሲጂኤ ግን ፊደሉ ይጨማለቃል። 8 በ8 ነጥብ በሆነች ሳጥን ውስጥ ጨን ከጬ፣ ጠን ከጣ እንዲለይ አድርጋችሁ ለመሣል እስቲ በካሬ ወረቀት ሞክሩት። ሁለተኛው መንገድ በ1984 ከመጣው ኢጂኤ ካርድ ጋር ተከፈተ። ኢጂኤ የፊደሎቹን ቅርጽ ከራሱ ሜሞሪ ውስጥ ስለሚያነብ ሌላ ቅርጽ ሊጫንበት ይችላል፤ ሁለት ሠንጠረዥ ባንድ ላይ ሲከፈትለት ደግሞ 512 ምልክት ያሳያል። ከቀለሞቹ ግማሹን ያስከፍላል እንጂ፣ 271 እና ላቲን አብረው ገቡ ማለት ነው። ሄርኩለስም አላረፈም። በ1986 ያወጣው «ፕላስ» ካርድ 3,072 ምልክት ይሸከም ነበር።

እዚህ ላይ የሁለት ካርድ ነገር ከፊደል ጋር ይገናኛል። በዚያ ዘመን የአማርኛ ፕሮግራም የፊደሉን ቅርጽ የሚያስቀምጠው ካርዱ ውስጥ ነው። ማሽኑ ሁለት ካርድ ካለውና ፕሮግራሙ ቅርጹን በአንዱ ጭኖ ጽሑፉ በሌላው ከወጣ፣ የምታዩት አማርኛ አይደለም፤ የላቲንና የመስመር ዝብርቅርቅ ነው። ሌላ ፕሮግራም የስክሪኑን አሠራር ከለወጠም ካርዱ ወደ ተፈጥሮ ፊደሉ ይመለሳል፤ የተጫነው ይጠፋል። ጸሐፊዋ «ኮምፒውተሩ ፋይሌን በላው» ትላለች። ፋይሉ ግን ዲስኩ ላይ ደህና ነው፤ የጠፋው የሚነበብበት መነጽር ነው።

በኋላ ዊንዶውስ ሲመጣ ፊደል ከካርዱ ተላቀቀ። ፎንት የሚባል ፋይል ሆነ፤ ካርዱ ምንም ይሁን ምን ዊንዶውስ ራሱ ይሥለዋል። ፓወር ግዕዝንና ቪዥዋል ግዕዝን የምታስታውሱ ይህን ዘመን ታውቁታላችሁ። 256 የሚለው ገደብ ግን በፎንቶቹ ውስጥ ተደብቆ ቆየ። አንዱ ጋ የተጻፈ ሌላው ጋ አይነበብም የሚባለው ጣጣም ከዚያ መጣ። ፊደላችን ለዓለም ሁሉ አንድ የሆነ ቁጥር ያገኘው በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ነው፤ 345 ምልክቶች ገቡ።

ማዘርቦርዱ የራሱን ካርድ ሲወልድ

ወደ ካርዶቹ እንመለስ። በ1987 አይቢኤም ፒኤስ/2 የተባሉትን ማሽኖች ሲያወጣ ቪጂኤ የተባለውን አዲሱን ምስል ሰጪ ማዘርቦርዱ ላይ ለጠፈው። ጠጋኞች «ኦንቦርድ» የምንለው ነገር በሰፊው የተለመደው ከዚህ ወዲህ ነው። ቪጂኤ ከእሱ በፊት ከነበሩት ጋር መስማማት ስለነበረበት የሁሉንም ማሳ ጠቀለለ፤ ከ640 እስከ 768 ያለው ሁሉ የእሱ ሆነ። ሌሎች ኩባንያዎች ወዲያው ያንኑ ቪጂኤ በካርድ መልክ ሠሩት። እንግዲህ ማዘርቦርዱ ላይ ቪጂኤ ያለበት ማሽን ላይ ሌላ ቪጂኤ ካርድ ስትሰኩ ምን ይሆናል? ሁለቱም አንድ አድራሻ፣ አንድ ፖርት፣ አንድ ስም ይዘው ይነሣሉ። የኤምዲኤና የሲጂኤ ሰላም እዚህ አበቃ።

አይቢኤም ይህን ሳያስብበት አልቀረም። ኦንቦርዱ የሚዘጋበትና ካርዱ የሚዘጋበት ፖርት የተለያየ እንዲሆን አደረገ፤ አንዱን ዘግቶ ሌላውን መክፈት እንዲቻል። በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ደግሞ ነገሩ የሚፈታው በጃምፐር ነበር፤ ያቺ ትንሽ ፕላስቲክ ቆብ። ቆቧን ካልነቀላችሁ ወይም ካላዛወራችሁ አዲሱ ካርድ አይነሣም። በመመሪያው ደብተር ላይ ተጽፏል፤ ደብተሩ ግን ከማሽኑ ጋር የሚዘልቅበት ጊዜ ስንት ነው?

በ1992 ፒሲአይ የሚባለው ስሎት ሲመጣ ብዙ ጠብ በረደ። የድምፅ ካርድ፣ የኔትወርክ ካርድ ሁሉ ማሽኑ ሲነሣ አድራሻ ይታደለዋል፤ ቀድሞ የተያዘ ማሳ ላይ አይሰፍርም። የቪጂኤ ማሳ ግን ከዚህ ድልድል ውጪ ሆኖ ቀረ። አሮጌ ፕሮግራሞች ሁሉ እዚያው ቦታ ስለሚፈልጉት ማዛወር አልተቻለም። ስለዚህ ስንት ካርድ ቢኖር፣ ማሽኑ ሲነሣ ያንን ማሳ የሚይዘው አንዱ ብቻ ነው፤ መራጩም ባዮስ ነው። ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ «ኢኒት ዲስፕሌይ ፈርስት» የሚል መስመር አይታችሁ ከሆነ፣ ያ መስመር የ1981ዎቹ የሁለት ጥቃቅን ማብሪያዎች የልጅ ልጅ ነው።

ይህችን መስመር የምትይዝ አንዲት ትንሽ ባትሪ አለች፤ ሲአር2032 የሚባለው ሳንቲም መሳይ። መብራት በተቋረጠና ማሽኑ ከሶኬት በተነቀለ ጊዜ ባዮሱ የተነገረውን እንዳይረሳ የምትጠብቀው እሷ ናት። ባትሪዋ ስትደክም ምርጫው በየመብራቱ መጥፋት ወደ ፋብሪካው ልማድ ይመለሳል። «ትናንት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ ጨለመ» ከሚባሉት አንዳንዶቹ ይህ ብቻ ናቸው። ማዘርቦርድ ከመቀየር ባትሪ መቀየር ይቀድማል።

ከ1999 በኋላ ኦንቦርድ የድሃ ዕቃ መሆኑ ቀርቶ የተለመደ ሆነ። የኢንቴል 810 ቺፕሴት ምስል ሰጪውን በውስጡ ይዞ መጣ፤ ለተሻለ ካርድ የሚሆነው የኤጂፒ ስሎት ግን ጭራሽ የለውም። በ2000 የወጣው 815 ሁለቱንም ሰጠ፤ ግን በምርጫ ነው። ኤጂፒ ካርድ ከተሰካ ውስጠኛው ይጠፋል። ይህ ልማድ ለብዙ ዓመት ዘለቀ፤ ያገለገለ ዴስክቶፕ ሲገዛ ዛሬም የሚያሳስተው እሱ ነው። ካርዱን ሰክታችሁ የሞኒተሩን ገመድ በማዘርቦርዱ በኩል ባለው ቀዳዳ ላይ እንዳለ ብትተዉት፣ ብዙ ማሽን ካርዱን ባየ ጊዜ ያንን ቀዳዳ ስለሚዘጋው ጨለማ ታያላችሁ። ገመዱን ነቅሎ ካርዱ ላይ መሰካት ነው መድኃኒቱ። ይሄን ሳያረጋግጡ መንገድ መውጣት ያሳዝናል።

አንድ አስተርጓሚ ብቻ

እስካሁን የተጣሉት ዕቃዎቹ ናቸው። ድራይቨሮች የሚጣሉበት ታሪክ ሌላ ነው። ድራይቨር ማለት ዊንዶውስ ካርዱን የሚያነጋግርበት አስተርጓሚ ነው፤ የኢንቴሉ የኢንቴልን፣ የኢንቪዲያው የኢንቪዲያን ቋንቋ ይናገራል። ዊንዶውስ 98 ብዙ ሞኒተር በብዙ ካርድ፣ እስከ ዘጠኝ ድረስ፣ ፈቀደ። ኤክስፒም የተለያየ ኩባንያ ካርዶችን ጎን ለጎን ያኖር ነበር።

ከዚያ በጥር 2007 ቪስታ መጣ። ማይክሮሶፍት የምስል ድራይቨሮችን አሠራር ከሥሩ ቀየረው። ምክንያቱ ተገቢ ነበር፤ ስክሪኑ ራሱ በካርዱ ኃይል ይሣል፣ ድራይቨር ሲበላሽም ማሽኑ ሁሉ አይውደቅ ተብሎ ነው። አዲሱ ሥርዓት በመጀመሪያ ዕትሙ ግን አንድ ገደብ ነበረው፦ ባንድ ጊዜ የሚሠራው አንድ አዲስ ድራይቨር ብቻ ነው። ሁለቱም የአንድ ኩባንያ ካርዶች ሆነው አንድ ድራይቨር ከተጋሩ ይቻላል፤ ኦንቦርዱ የኢንቴል፣ ካርዱ የኢንቪዲያ ከሆነ ግን አንዱ ይወጣል። በኤክስፒ ሁለት ሞኒተር ሲያሠራ የነበረ ማሽን በቪስታ አንዱ ጨለመበት። በ2009 ዊንዶውስ 7 ገደቡን አነሣ። በእኔ ግምት በዚያ መካከል የተፈረደባቸው ጤነኛ ካርዶች ጥቂት አይደሉም።

የሚገርመው ግን ያው ቪስታ ነው ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፊደል ፎንት ይዞ የመጣው። ፎንት ከጓደኛ በፍላሽ ሳይለምኑ አማርኛን ማንበብ የተቻለበት የመጀመሪያው ዊንዶውስ እሱ ነው። (ስሙ የባሌው የደጋ አጋዘን ነው፤ የመንዝ ሰው ተጠይቆ ቢሆን ጭላዳ ይባል ነበር።) ፊደላችን ከካርድ ነፃ መውጣቱ በተፈጸመበት ዓመት ካርዶቹ በአንድ አስተርጓሚ ተጣሉ።

ላፕቶፕ ላይ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ባትሪ ለመቆጠብ በየካቲት 2010 ኢንቪዲያ ኦፕቲመስ የሚለውን ዘዴ አወጣ። ከባዱን ሥራ ኃይለኛው ቺፕ ይሠራል፤ የሣለውን ግን ለኢንቴሉ ያስረክባል፤ ወደ ስክሪኑ የሚወስደው ሽቦ በኢንቴሉ እጅ ነውና። ማለትም ሁለቱ ድራይቨሮች ተግባብተው መኖር ግዴታቸው ሆነ። የኢንቴሉን ድራይቨር «አያስፈልግም» ብሎ ያጠፋ ሰው ኃይለኛውንም ቺፕ መንገድ አሳጣው። ለዚህ ነው በላፕቶፕ ላይ ሁለቱም ድራይቨሮች፣ በተለይ ከአምራቹ የመጡት፣ እንዲጫኑ የሚመከረው።

ሊኑክስም የራሱን መከራ አይቷል። የቪጂኤውን ማሳ በተራ የሚያካፍል ዳኛ በታኅሣሥ 2009 በወጣው 2.6.32 ከርነል ውስጥ ገባ፤ ስሙም ቃል በቃል «ዳኛ» ነው፣ ቪጂኤ አርቢተር። በ2012 በፊንላንድ አልቶ ዩኒቨርሲቲ አንዲት ተሳታፊ ስለ ኦፕቲመስ ላፕቶፕ ችግር ሊነስ ቶርቫልድስን ስትጠይቀው ለኢንቪዲያ ያሳየው ጣት ዓለምን ዞሯል። ጨዋነት አልነበረም፤ ጥያቄው ግን የእኛው ጥያቄ ነበር። ኢንቪዲያ የከርነል ድራይቨሩን ምንጭ መክፈት የጀመረው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2022 ነው።

ድራይቨር ስታስተካክሉ፣ ዊንዶውስ ራሱ በኢንተርኔት ፈልጎ ሌላ ዕትም እንደሚጭንባችሁም አትርሱ፤ ዊንዶውስ 10 ይህን ያዘወትራል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ጭነቱ መሀል ላይ ሊቆም ይችላል። የሚሻለው የካርዱን ትክክለኛ ድራይቨር ኔትወርክ ደህና በሆነበት ቦታ አውርዶ በፍላሽ መያዝ፣ ኔትወርኩን ዘግቶ አሮጌውን አጥፍቶ አዲሱን መጫን ነው። ስክሪኑ ከጨለመም ዊንዶውስን በሴፍ ሞድ ብታስነሡት የኩባንያዎቹን ድራይቨር ትቶ በራሱ ቀላል አስተርጓሚ ይመጣል። በሴፍ ሞድ ካዩት ካርዱ ቢያንስ አልሞተም።

የመጨረሻው ጠብ አሁን እየተካሄደ ነው። ባዮስ ራሱ እያረጀ ዩኢኤፍአይ ተተክቶበታል። ዩኢኤፍአይ የ1981ን ማሳ አያውቅም፤ ካርዱን የሚያነጋግረው ጎፕ በሚባል አዲስ መንገድ ሲሆን፣ ካርዱ ይህን ቋንቋ በቋሚ ሜሞሪው ውስጥ ይዞ መገኘት አለበት። በመካከል ሲኤስኤም የሚባል ድልድይ ተሠራ፤ አሮጌ ካርድ በአዲስ ማሽን ላይ እንዲነሣ። ኢንቴል በ2017 ይህን ድልድይ እስከ 2020 አነሣዋለሁ ብሎ አስታወቀ። በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ዩኢኤፍአይ ይፈልጋል። ዊንዶውስ 11ን ሊጭን ሲል ሲኤስኤምን የሚዘጋ ሰው ጎፕ የሌለው አሮጌ ካርድ ካለው፣ ማሽኑን ባስነሣ ጊዜ ምንም አያይም። ሁለቱም ዕቃዎች ጤነኞች ናቸው፤ ቋንቋቸው ነው የተለያየው።

ከዘመድ የተሰጠው ያ ካርድ ከ2012 በፊት የተሠራ ከሆነ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይህ ነው። ካርዱን ንቀሉት፤ የሞኒተሩን ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ሰክታችሁ በኦንቦርዱ አስነሡት፤ ከባዮሱ ውስጥ ሲኤስኤምን ክፈቱ፣ ከዚያ ማሽኑን አጥፍታችሁ ካርዱን መልሱት። በዚያ ማዘርቦርድ ላይ ሲኤስኤም የሚባል ምርጫ ጨርሶ ከሌለ፣ ካርዱ ለሌላ፣ ለአሮጌ ማሽን ነው የሚሆነው።